አብሮኒያን አዲስ አበባ ማኖር ይቻላል? ችግሩ ብርዱ አይደለም

የአንባቢው ጥያቄ፦ «ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጀርመን ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ አብሮኒያ የሚባሉትን አረንጓዴ እንሽላሊቶች ወንድና ሴት ላምጣልህ ብላኛለች። እዚያ የሚያራባ ሰው አግኝታለች። ከፍታ ቦታ ላይ፣ ብርድ ውስጥ እንደሚኖሩ አንብቤያለሁ። አዲስ አበባም ያው ደጋ ስለሆነ ያለ ማሞቂያ በረንዳ ላይ ባኖራቸው የሚስማማቸው ይመስለኛል። ጓደኞቼ ‹የአዞ ዘር ነው፣ ሲያድግ ጉድ ትሆናለህ› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ መርዝ አለው ብላ ከአሁኑ ፈርታለች። ከዝርያዎቹ የትኛው ይሻለኛል? ካልሆነስ እንጦጦ ወጥቼ የሚመስላቸውን ብይዝ?»

አታስመጣቸው። ምክንያቱ ግን ጓደኞችህም ሆኑ እናትህ ያሰቡት አይደለም። አንተ ስለ ብርዱ ያልከው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ነው ያገኘኸው። የቀረህ ሌላው ግማሽ ነው፣ እንስሳቱን የሚገድላቸውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የአዞውን ነገር እንጨርስ። አብሮኒያ አዞ አይደለችም፣ የቅርብ ዘመዱም አይደለችም። አዞ ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። አብሮኒያና ዘመዶቿ «የአዞ እንሽላሊት» የሚባለውን ስም ያገኙት በቆዳቸው ነው። ቅርፊታቸው አራት ማዕዘን ቢጤ ነው፣ በረድፍ የተደረደረ፣ ከሥሩም ቀጫጭን የአጥንት ጠፍጣፋ አለው። አዞም ጀርባው ላይ እንዲህ ያለ አጥንት አለው። መመሳሰላቸው እዚሁ ላይ ያበቃል። አጥንት የለበሰ ቆዳ ደግሞ እንደ ልብ አይለጠጥም። ስለዚህ አብዛኞቹ የአዞ እንሽላሊቶች በጎናቸው በኩል ለስላሳ የቆዳ እጥፋት አላቸው፤ ሲጠግቡ፣ ሲተነፍሱ ወይም ሆዳቸው ሲገፋ ሰውነታቸው የሚሰፋው በዚያ ነው። አብሮኒያ ላይ ይህ እጥፋት ብዙም ጎልቶ አይታይም። መጠኗም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። ያደገች አብሮኒያ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከዚያም ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው ጭራ ነው። ጭራዋ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይይዛል፤ ዛፍ ላይ ስትንቀሳቀስ እንደ አምስተኛ እጅ ያገለግላታል።

ለእናትህ ይህን ንገራት፤ አብሮኒያ ሰው የሚጎዳ መርዝ የላትም። ብትይዛት ትነክሳለች፣ መንጋጋዋ ጠንካራ ነው፣ ያማል፤ በቃ። የሚገርመው ግን እናትህ የፈራችውን ነገር የሜክሲኮና የጓቲማላ ገበሬዎችም ይፈሩታል። ብዙ ቦታ ሰዎች አብሮኒያን ነክሳ የምትገድል አድርገው ስለሚያዩዋት ባገኙበት ይገድሏታል። ሜክሲኮ ውስጥ በእርግጥ መርዘኛ እንሽላሊት አለ፣ ሄሎደርማ የሚባለው። እሱ ግን ወፍራምና ዝግ ያለ፣ በብዛት ደረቅና ሞቃት በሆነ ቦታ መሬት ላይ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። ደጋ ላይ ዛፍ ላይ ያለችው አብሮኒያ በሌላው ጥፋት ትቀጣለች። እኛም አገር እስስት ሲያይ ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ሞልቷል፤ ምንም ሳታደርገው። እናትህ መፍራት ካለባት መርዙን ሳይሆን ሳልሞኔላን ትፍራ። በደመ ቀዝቃዛ እንስሳት አንጀት ውስጥ ይህ ባክቴሪያ በብዛት ይገኛል፣ እንስሳውን ሳያሳምም ሰውን ያሳምማል። ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ እርጉዝ ወይም አቅሙ የደከመ አረጋዊ ካለ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሳህን የሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ የእንሽላሊት ዕቃ አይታጠብም።

አሁን ወደ ዝርያዎቹ። «የትኛው ይሻለኛል» ስትል ከአንድ ዕቃ የተለያየ ቀለም እንደምትመርጥ አድርገህ አስበኸዋል፣ እዚህ ላይ ላርምህ። አብሮኒያ የአንድ እንስሳ ስም አይደለም፣ የአንድ ወገን ስም ነው፤ በትምህርት ቤት ጂነስ ስንለው የነበረው። ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ጆን ኤድዋርድ ግሬይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1838። ዛፍ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ከሜክሲኮ ተነስተው በጓቲማላ፣ በኤል ሳልቫዶርና በሆንዱራስ ተራሮች ላይ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ቦታ ዝርያዎቹ 30 ገደማ ናቸው ሲል ሌላው 40 ገደማ ቢልህ አንዳቸው ዋሽተው አይደለም። በቅርብ ዓመታት የዘረመል ጥናት ሜሳስፒስ ይባሉ የነበሩትን፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ደገኛ እንሽላሊቶች ከአብሮኒያ ጋር አንድ ወገን ናቸው ብሎ ቀላቅሏቸዋል። አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን ተቀብሎ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በድሮው ይቀጥላል። ከዚያ ሌላ አዳዲስ ዝርያ እስከ ዛሬ እየተገኘ ነው። ኩዌትስፓሊ የተባለችው ከሜክሲኮዋ ኦአሃካ ተራሮች ለሳይንስ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ገና ትናንት ማለት ነው።

ይህን ያህል ዝርያ ለምን ኖረ? መልሱ ተራራው ነው። እነዚህ እንሽላሊቶች የደመና ደን በሚባለውና በአቅራቢያው ባሉ የወይናደጋና የደጋ ደኖች ውስጥ ነው የሚኖሩት። በሁለት ተራሮች መካከል ቆላ ካለ ያንን ሞቃት ሸለቆ አያቋርጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተራራ ሰንሰለት በውሃ እንደተከበበ ደሴት ይሆናል። ከብዙ ሺህ ትውልድ በኋላ ይኼኛው ተራራ ላይ ያለችው ከዚያኛው የተለየች ትሆናለች። ይህን ለመረዳት ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልግም፤ እኛም ጋ ባሌ ተራሮች ሐረና ጫካ ውስጥ ያለችው እስስት ሌላ ተራራ ላይ የለችም። የሰሜኑ ደጋ ሌላ ነው፣ የባሌው ሌላ ነው፣ በመካከሉ ስምጥ ሸለቆ ተዘርግቷል።

አንተ በስልክህ ያየሃትና የወደድካት በእርግጠኝነት አብሮኒያ ግራሚኒያ ናት። ገበያ ላይ በብዛት ያለችው እሷ ናት። ከቬራክሩዝ፣ ከፑዌብላና ከኦአሃካ ተራሮች የመጣች፣ ስታድግ ደማቅ አረንጓዴ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቢጫ የተቀባች የምትመስል ውብ እንስሳ ናት። ስትወለድ ግን አረንጓዴ አይደለችም፤ ግራጫ ቡናማ ሆና ጠቆር ያለ ሽንትር አላት። «ትንሿን አምጥቼ አረንጓዴ አልሆነችም» ብለው የሚደነግጡ አሉ፣ ጊዜ ይፈልጋል። አብሮኒያ ዴፒ ጥቁር ላይ ነጣ ያለ መቀነት ያላት የማዕከላዊ ሜክሲኮ ዝርያ ናት። ቴኒያታም ባለ ሽንትር ናት። አንዳንዶቹ ደግሞ ከጆሮአቸው በላይ እንደ እሾህ የቆመ ቅርፊት አላቸው። ፎቶ ላይ ዘንዶ የሚያስመስላቸውም ይኸው ነው፣ በተለይ በቺያፓስና በጓቲማላ ያሉትን። ቦገርቲ የምትባለው ለብዙ አሥርተ ዓመታት በሳይንስ የምትታወቀው በአንዲት ናሙና ብቻ ነበር። እንዲህ ያለችው ምን እንደምትበላ፣ መቼ እንደምትወልድ እንኳ በቅጡ ሳይታወቅ ነው ሰው ሊገዛት የሚፈልገው።

ጓቲማላ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ ግልጽ ይሆናል። አብሮኒያ ካምቤሊ የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የምትኖረው በምሥራቅ ጓቲማላ ሃላፓ በሚባል አካባቢ፣ በእርሻና በግጦሽ መሃል በቀሩ የኦክ ዛፎች ላይ ነው። ደን ስልህ እንደ መናገሻ ሱባ ያለ ነገር እንዳታስብ፤ ቁርጥራጭ ነው፣ ዛፍ እዚህና እዚያ፣ በመካከሉ በቆሎና ከብት። ከተገለጸች በኋላ ለዓመታት ሳትታይ ቆይታ ጠፍታለች እስከመባል ደርሳ ነበር፣ ወደ 2010 ገደማ ነው እንደገና የተገኘችው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሰው መሰላል ይዞ መጥቶ አሥር እርጉዝ ሴቶች ቢወስድ ቀልድ አይደለም፣ የአንድ ሙሉ ትውልድ ቁራጭ ወሰደ ማለት ነው። ምክንያቱም አብሮኒያ እንቁላል አትጥልም። ትወልዳለች፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሚወለዱትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መውለዷን ካነሳን ያንተን የብርድ ነጥብ እዚሁ ላያይዘው፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። እንሽላሊት እንቁላሏን አፈር ውስጥ ቀብራ ከሄደች እንቁላሉ የሚሞቀው አፈሩ በሰጠው ልክ ነው። ደጋ ላይ አፈር ይበርዳል። ሽሉ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሳይፈለፈል ሊበላሽ ይችላል። እናቲቱ ግን በሆዷ ከያዘችው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ትሞቃለች፣ ከሰዓት ጥላ ትገባለች፣ ሌሊት ቅጠል ሥር ትሸጎጣለች። ሽሉን የትም ይዛው ትዞራለች። አብሮኒያዎች ብዙውን ጊዜ የሚገናኙት በእነሱ አገር ዝናብ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ቀዝቃዛውን ወቅት በሙሉ አርግዘው ከርመው ብርዱ ሲያልፍ ይወልዳሉ። የአሜሪካ ዘመዶቻቸው ላይ ልዩነቱን በደንብ ታየዋለህ። ኤልጋሪያ የሚባለው ወገን ውስጥ የደቡቧ ዝርያ እንቁላል ትጥላለች፣ ብርዳሙ ሰሜንና ከፍታው ላይ ያለችው ደግሞ ትወልዳለች። የእኛዋ የደጋ እስስትም፣ አዲስ አበባ አጥር ላይ የምናያት ማለቴ ነው፣ እንቁላል አትጥልም፣ ትወልዳለች። እነዚህ ፍጥረታት ቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አንዱ አሜሪካ ነው፣ አንዱ አፍሪካ ነው። ብርዱ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ መልስ ገፋቸው።

ስለዚህ ብርዱን አልተሳሳትክም። ግራሚኒያ ከ1,300 ሜትር ጀምራ ከ2,500 ሜትር በላይም ትገኛለች፣ አራት ኪሎ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ አይጎዳትም፣ እንዲያውም ያስፈልጋታል፤ ሌሊት የማይቀዘቅዝ ቤት ውስጥ ያለች አብሮኒያ ውላ አድራ ትዳከማለች። የሚገድላት ሙቀት ነው። 30 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ሰዓት ከቆየች አደጋ ላይ ናት። ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ ያለ የመስታወት ሣጥን ደግሞ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሚኒባስ ነው፣ ውጪው 23 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ በደቂቃዎች ይጋላል። አዲስ አበባ ላይ በብርድ የሚሞት አብሮኒያ አልጠብቅም። በበረንዳ ሣጥን ውስጥ ተቀቅሎ የሚሞት ግን እጠብቃለሁ።

ሌላው ግማሽ ውሃው ነው። ከፍታው አንድ ሆነ ማለት አየሩ አንድ ሆነ ማለት አይደለም። የደመና ደን የሚባለው ደመናው መሬት ድረስ ወርዶ ዛፉን የሚያረጥብበት ቦታ ነው። ዝናብ ባይዘንብ እንኳ ጉሙ ቅጠል ላይ እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል። ግንዱ በሙሉ ሞስ በሚባል ሽበት መሳይ ተክልና በዛፍ ላይ በሚበቅል ሌላ ተክል የተሸፈነ ነው። ከእነዚህ ተክሎች ዋነኞቹ ብሮሚሊያድ የሚባሉት ናቸው፤ አናናስ ከእነሱ ቤተሰብ ነው። የአናናስን አናት አስብ፣ ቅጠሉ ተደራርቦ መሃሉ ላይ ጎድጓዳ ይሠራል። የዛፍ ላይ ብሮሚሊያዶች በዚያ ጎድጓዳ ዝናብና ጉም ይይዛሉ፤ ከመሬት ሃያ ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ ኩሬ ማለት ነው። ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ሸረሪት፣ እንቁራሪት እዚያ ይኖራል። አብሮኒያም እዚያ ትደበቃለች፣ እዚያ ታድናለች፣ ከቅጠሉ ላይ ጠብታ ትልሳለች። አንዳንዷ ዕድሜዋን በሙሉ መሬት ሳትረግጥ ትኖራለች።

አሁን ይህን ከግንፍሌ በረንዳ ጋር አስተያየው። ክረምት ላይ እሺ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይስማማታል። ከጥቅምት በኋላ ግን አየሩ ይደርቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከንፈርህ ይሰነጠቃል፣ የታጠበ ልብስ በሁለት ሰዓት ይደርቃል፣ ከሰዓት አቧራው ሌላ ነው። አብሮኒያ በሰሃን ከተቀመጠ ውሃ እንደ ልብ አትጠጣም፣ የሚንጠባጠብ ነው የምትፈልገው። በቂ ካላገኘች ቀስ በቀስ ትደርቃለች፣ ቆዳዋን ስትቀይር ጣቷና ጭራዋ ላይ አሮጌው ቆዳ ተጣብቆ ደም ይከለክላል፣ ጣቷ ይጠቁርና ይወድቃል። እርጥበቱን ለመያዝ ሣጥኑን ጥርቅም አድርገህ ብትዘጋው ደግሞ የታፈነ እርጥብ አየር ሳንባዋን ያሳምማል፣ ቆዳዋ ላይ ፈንገስ ያወጣል። አየር የሚያስገባ ወንፊት ሣጥን ካደረግህ እርጥበቱ ያመልጣል። ይህን የሚያስታርቁት በሰዓት የሚሠራ የውሃ መርጫና ሕያው ተክል አድርገው ነው፣ በቀን ብዙ ጊዜ። መብራት ሲጠፋ መርጫው ይቆማል፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ከጀሪካን ትሞላለህ። ፈቃደኛ እንደሆንክ አልጠራጠርም። ግን ለፈተና ስትጠፋ፣ ገጠር ስትሄድ፣ ማን ይሞላል?

ሌላም አለ፣ በአጭሩ። የመስኮት መስታወት ለአጥንታቸው የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር ስለሚያግድ በመስታወት በኩል የገባ ፀሐይ አይበቃቸውም፤ ልዩ አምፖል ያስፈልጋል፣ አምፖሉም እየበራ ጨረሩ ስለሚደክም በየጊዜው ይቀየራል። ካልሆነ መንጋጋቸው ይለሰልሳል፣ አከርካሪያቸው ይጣመማል። ምግባቸው ሕያው ነፍሳት ነው፣ ካልሲየም የተነሰነሰበት። ቤት ውስጥ የያዝከውን በረሮ እንዳትሰጣቸው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዱ ቤት መድኃኒት ካልረጨ ሌላው ረጭቷል፣ በረሮው ይዞት ይመጣል። ቢታመሙ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ላምና ውሻ የሚያክም ጎበዝ ሐኪም ታገኛለህ፣ እንሽላሊት አክሞ የሚያውቅ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድና ሴት ማድረጉም እንደምታስበው ቀላል አይደለም፤ በጠባብ ሣጥን ውስጥ ወንዱ ሴቲቱን እየነከሰ ያሳድዳታል፣ እርጉዝ ሆና ማምለጫ ካጣች ትጎዳለች።

ወደ ሕጉ ልምጣ፣ እህትህን የሚመለከታት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የሳይተስ ጉባኤ፣ ማለትም በአደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት አባል አገሮች ጉባኤ ላይ፣ አብሮኒያ በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ ገብታለች። ቁጥጥሩ በሥራ ላይ የዋለው በ2017 መጀመሪያ ነው። አምስት የጓቲማላ ዝርያዎች፣ ካምቤሊ፣ አንዙዌቶይ፣ ፊምብሪያታ፣ ፍሮስቲና ሜሌዶና፣ በጥብቁ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ከዱር የተያዙትን መነገድ ክልክል ነው። ግራሚኒያን ጨምሮ የቀሩት በሁለተኛው ክፍል ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሻገሩም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፣ እዚህ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ እህትህ በሻንጣ ይዛ ቦሌ ብትደርስ ስጦታ አመጣች አይባልም። የተከለከለ የዱር እንስሳ አዘዋወረች ነው የሚባለው፣ ሁለት መቶ ግራም የማትሞላ እንሽላሊት በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ሆና።

«የሚያራባ ሰው» የሚለውንም እንዳለ እንዳትውጠው። ግራሚኒያ በአውሮፓ በሰው እጅ መራባቷ እውነት ነው፣ ሐቀኛ አርቢዎች አሉ። ግን ከዱር የተያዘች እርጉዝ ሴት ሜክሲኮ ላይ ተሰርቃ፣ አውሮፓ ላይ ወልዳ፣ ልጆቹ «እዚሁ የተወለዱ» ተብለው የሚሸጡበት መንገድም አለ። በአፍ ሲወራ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የወላጆቹ ማስረጃ ነው፤ ወላጆቹ ከየት መጡ፣ መቼ፣ በምን ፈቃድ የሚለው። ያንን የማያሳይ ሻጭ ጋር ወሬ የለም። ጆሮዋ ላይ እሾህ ያላትን የጓቲማላ ዝርያ በርካሽ እሰጣለሁ የሚልም ካለ እህትህ ከዚያ ሰው ትራቅ።

እንጦጦ የሚመስላቸው ይኖር ይሆን ላልከው፣ የለም። የአዞ እንሽላሊቶች የሚገኙት በአሜሪካ አህጉር ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ዝርያቸው የለም። እዚህ በሥራቸው የሚቀርብህ የደጋ እስስት ናት፣ ሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮሴሮስ አፊኒስ። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ናት፣ ሌላ አገር የላትም። እሷም ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ትኖራለች፣ ጭራዋን ትጠመጥማለች፣ ብርዱን ለምዳለች፣ ትወልዳለች። አትያዛት። እስስቶችም በዚያው ስምምነት ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ያም ባይሆን ከዱር የተያዘች እስስት ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ አትቆይም፤ መብላት ታቆማለች፣ ዓይኗ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ልታያት ግን ትችላለህ፣ ያውም ከቤትህ ብዙም ሳትርቅ። የድሮ ዛፍና አጥር ያለበት ግቢ ፈልግ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥሩ ነው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጠዋት ፀሐይ ወደሚመታው ወገን ሂድ። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ አንድ ጎኗን ወደ ፀሐይ ታዞራለች፣ ሰውነቷን ጠፍጣፋ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ጠቆር ይላል፣ የጥላው ጎን ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። አንዲት እንስሳ ላይ ሁለት ቀለም በአንድ ጊዜ። ከሞቀች በኋላ ሁለቱም ጎን ወደ አረንጓዴ ይመለሳል፣ ከዚያ ቅጠል ውስጥ ገብታ ትጠፋብሃለች። ማታ ደግሞ በባትሪ ብትፈልግ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነጣ ብላ ተኝታ ታገኛታለህ፣ ከቀን ይልቅ ማታ ማግኘቱ ይቀላል። መብራቱን ፊቷ ላይ አታቆይ፣ ቅርንጫፉን አትወዝውዝ። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ሂድና እይ፣ የአገራችን እንስሳት ናሙና እዚያ አለ፤ ከግንፍሌ በእግር ነው።

እንግዲህ ለእህትህ ዛሬውኑ ጻፍላት። ጥንዱን እንዳትገዛ፣ ቀብድ ከፍላ ከሆነም እንድታስመልስ። ራሷ እዚያ ማሳደግ ከፈለገች ሌላ ጉዳይ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ቤት፣ መርጫ፣ ልዩ አምፖልና የሚያክም ሐኪም ካላት፣ የወላጆቹን ማስረጃ ከሚያሳይ ሰው አንዲት ግራሚኒያ መያዝ ትችላለች፣ አንተም ስትሄድ ታያታለህ። ላንተ ግን ከእሷ ሻንጣ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ቅርብ ማንሳት የሚችል ካሜራ። እስስት ስታገኝ ሙሉ ጎኗንና ራሷን በተለይ አንሳ፣ ከአናቷ በላይ ያለው የራስ ቁር የሚመስለው አጥንት እንዲታይ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሠፈሩንና ያረፈችበትን ዛፍ ጻፍበት። ላክልኝ፣ ዝርያዋን አብረን እናያለን።